ሰፊ ፊደል

በመምህራን ዝውውር ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት ያገለገለውን ሰውዬ በስሙ የሚያውቀው የሠራተኞች መዝገብ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ «ሪባን» ይለዋል። የሪባን ቀለም ከጣቶቹ ጫፍ ለቆ አያውቅም፤ ሰው ሲጨብጥ እንኳ አስቀድሞ እጁን በሱሪው ጠረግ ያደርጋል፣ ሱሪውም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ማተሚያው ደግሞ «ወፍጮው» ነበር የሚባለው። ትንንሽ መርፌዎቹ ሪባኑን እየጠቀጠቁ በወረቀቱ ላይ ሲሮጡ በጎረቤት ክፍል ስልክ የያዘ ሰው «ቆይ፣ ወፍጮው ይጨርስ» ብሎ ይጠብቃል። አዳዲስና ድምፅ አልባ ማተሚያዎች ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ሲገቡ ወፍጮው ንቅንቅ አላለም፤ ምክንያቱም ጠርዝና ጠርዙ በቀዳዳ የተሰፋ የሚመስለውን ያን ረጅም ወረቀት ጎርሶ ሁለት መቶ አርባ የመምህር ስም ሳያቋርጥ የሚያወጣ ሌላ አልተገኘም። ሪባንም የሚመካው በዚሁ ነበር።

ወፍጮው በግንባሩ ላይ ሦስት ቁልፎች አሉት። አንዱ ወረቀት ይገፋል፣ አንዱ የፊደሉን ስፋት ይለውጣል፣ አንዱ ቁመቱን። ዝርዝር የሚታተመው በጠባቡ ፊደል ነው፤ በጠባቡ አንድ መስመር ከዳር እስከ ዳር ይገባል። ስፋቱን የጨመርክ እንደሆነ የመስመሩ ጅራት ከወረቀቱ ጠርዝ ውጭ ይቀራል፤ ወፍጮው አይጮህ፣ አይቆም፣ የተረፈውን ውጦ ዝም ነው። በጅራቱ ላይ ያለው ዓምድ «ማስታወሻ» ይባላል። ከዓምዶቹ ሁሉ ሰፊው እሱ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ባዶውን የሚወጣውም እሱ ነው። በበሽታ ወይም በቤተሰብ ችግር የተነሳ ከቦታው መራቅ የማይችል መምህር ሲኖር ነው የሚጻፍበት፤ በዓመት አንድ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው። ሪባን ይህን ሁሉ በደንብ ያውቃል። «በሰፊ ፊደል ማስታወሻው አይወጣም» የሚለውን ማሳሰቢያ ጽፎ በወፍጮው ጎን ላይ የለጠፈው ራሱ ነው።

በዚያ ቢሮ ሌላም ሕግ ነበር፣ እሱም የሪባን ሥራ። ማንኛውም የታተመ ወረቀት ሳይመሳከር ከክፍሉ አይወጣም። አንዱ የታተመውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ዋናውን ይዞ በጣቱ እየተከተለ ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ «ልክ» ይላል። ስህተት ተገኝቶ ከታረመ ደግሞ ካቆሙበት መቀጠል የለም፤ እንደገና ከራስጌው ነው። ሰዎች ይህን ሲያማርሩ እሱ ደረቱን ነፋ አድርጎ «እኔ ጋ የገባ ወረቀት በአራት ዓይን ታይቶ ነው የሚወጣው» ይል ነበር።

ታዲያ ከአራቱ ዓይኖች ሁለቱ ከዱት። ከአራት ወር በፊት የዓይን ሐኪሙ መነጽር ላይ መነጽር እየደረበ ሞክሮ ሞክሮ ሲያበቃ፣ «አባቴ፣ ከዚህ በላይ መነጽር አይረዳዎትም» አለው። ሪባን አመስግኖ ወጣ። ለማንም አልተነፈሰም። ከእሱ በፊት ዓይኑ የደከመ አንድ የመዝገብ ቤት ሰው ነበር፤ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩትና የተሰበሩ ወንበሮች መካከል ተቀምጦ ጡረታውን ሲጠብቅ ከሥራ ባልደረቦቹ አንድም ሰው በሩን አላንኳኳም። ሪባን ራሱም አላንኳኳም። ስለዚህ ዝም አለ። ቤቱ ሲገባ እንኳ ሚስቱ ፊት ጋዜጣ ዘርግቶ ይቀመጣል፣ ትንሽ ቆይቶም ገጹን ይገልጣል፤ መቼም ለድራማው አልሰነፈም።

ጥፋቱ የተሠራው ኮሚቴው በሚሰበሰብበት ቀን ነው። ዝርዝሩን ያስገባችው አዲሷ ጸሐፊ ነበረች። ጣቶቿ በመጻፊያው ላይ ሲሄዱ ዓይን ስለማይይዛቸው «ፈጣኗ» ይሏታል፤ የሙከራ ጊዜዋን ልትጨርስ ጥቂት ነበር የቀራት፣ ሪባንም ሥራውን ሲያስተምራት እንደ ልጁ ነበር። ሪባን እንደ ወትሮው በጠባቡ ጀመረ። የመጀመሪያው ገጽ ወጣ፤ ቀድዶ ቢያይ ፊደሎቹ የጉንዳን ሰልፍ ሆኑበት። ወደ መስኮቱ ወሰደው፣ አራቀው፣ አቀረበው። ያው ጉንዳን ነው። በዚህ መሀል ፈጣኗ መምህራኑ በእጃቸው የሞሏቸውን ቅጾች ታቅፋ መጣችና «ጋሼ፣ እናመሳክር?» አለችው።

አንብብ ብትለው አይችልም፣ ልከተል ቢል አይችልም፤ ያቺ ልጅ ሦስት መስመር ሳትጨርስ ጉዱን ታውቃለች። ቅጾቹን ተቀበላትና ምሳዋን ሄዳ እንድትበላ፣ የዛሬውን ብቻውን እንደሚያየው ነገራት። እሷ እንኳ ገርሟት፣ ሕጉ እንዲህ አይልም ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ። በሩ ሲዘጋ ገጹን ወደ ጎን ጣለው፤ ከዚያ የስፋቱን ቁልፍ ተጫነ፣ ቀጥሎ የቁመቱን።

ማስታወሻው እንደሚወድቅ ረስቶት ነው እንዳይባል፣ የለጠፈው ማሳሰቢያ በክርኑ ትይዩ ነበር። ዘንድሮ ማስታወሻ የተጻፈለት ሰው አለ ወይ ብሎ ልጅቷን መጠየቅ የአንድ አፍታ ሥራ ነው። ግን ከጠየቃት «ለምን ጠየቁኝ» ትላለች፣ ከዚያ ነገር ነገርን ይመዛል። «ባዶ ነው፣ ሁልጊዜም ባዶ ነው» አለ ለራሱ፣ ወፍጮውም መፍጨት ጀመረ። ዘጠኝ ገጽ የነበረው ሃያ አንድ ገጽ ሆኖ ወጣ። ስምና ትምህርት ቤቱን እንደ ምንም በአፍንጫው እያሸተተ አነበበና ግርጌው ላይ «ተመሳክሯል» ብሎ ፈረመ። ከስብሰባው በኋላ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ እሳቸውም ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው፣ በሩ ድረስ መጥተው ዛሬ ገና ሰው የሚያነበው ዝርዝር አገኘን ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ሪባን አመሰገነ። ምስጋናው ደስ ብሎት ነበር፤ በኋላ ከሁሉ በላይ ያቃጠለው ይህ ደስታው ነው።

የዝውውሩ ደብዳቤ ተበትኖ ሳምንት ሳይሞላ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አንዲት መምህርት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጇን ይዛ መጣች። የልጅቷ ቀኝ እግር ከጉልበቷ በታች በብረት ተደግፏል። መምህርቷ የተመደበችው በአውቶቡስ ሁለት ቀን የሚያስኬድ ቦታ ነው። ኃላፊው ፈጣኗንም ሪባንንም አስጠራ። መምህርቷ ቀስ ብላ አስረዳች፤ ልጇ በየሳምንቱ ሐሙስ ሕክምና አላት፣ ያም ሕክምና ያለው እዚህ ከተማ ብቻ ነው፣ ይህንንም በቅጹ ላይ ጽፋለች። ኃላፊው የኮሚቴውን ዝርዝር ገለጠ። በስሟ ትይዩ ምንም የለም። ኮምፒዩተሩ ውስጥ እንዳይታይ ደግሞ ምደባው ሲያልቅ በማስታወሻው ቦታ አዲሱ ትምህርት ቤት ገብቶበታል። ቅጾቹ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተልከዋል፤ ተፈልገው እስኪመጡ ሁለት ወር ነው።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀት ካላየ የማያምን ሰው ነው እንጂ። ስህተቱ የቢሮው መሆኑን የሚያሳይ የተፈረመ ነገር ካገኘ ምደባውን ያኔውኑ እንደሚለውጥ፣ እስከዚያ ግን ሰኞ ሥራ ቦታዋ ላይ መገኘት እንዳለባት ለመምህርቷ ነገራት። ከዚያ ወደ ፈጣኗ ዞሮ አስገብታው እንደሆነ ጠየቃት።

«አስገብቼዋለሁ» አለች።

«ካስገባሽው የት ሄደ?» አለና ወደ ሪባን ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ሪባን በዚያች ቅጽበት ሁሉንም ነገር አውቆታል። የመምህርቷ ስም ከዝርዝሩ ራስ ላይ ካሉት ነው፤ የተቀደደው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነበረች ማለት ነው። ግምጃ ቤቱ ታየው፣ የተሰበሩት ወንበሮች ታዩት። ከዚያ የሚከተለውን አለ፦

«እኔ ያልተጻፈ ነገር አላትምም።»

ቃል በቃል ሲያዩት ውሸት የለበትም። ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ንግግር ሳያስብበት እንዴት ያገኘዋል? ፈጣኗ ቀና ብላ አየችው። ፊቷን በግልጽ ማየት አልቻለም፣ ግን እያየችው እንደሆነ አውቋል። ኃላፊው አርብ ከሰዓት የሙከራ ጊዜዋን ግምገማ እንደሚጽፍ፣ ፍጥነት ያለ ጥንቃቄ ዋጋ እንደሌለውም እንደሚጽፍበት ተናገረ። ፈጣኗ ስትወጣ በሩን እንኳ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ያን ቀን ሪባን ቤቱ እንደገባ ኮቱን ሳያወልቅ ወደ ማድ ቤት አለፈ። የተበላሸ የማተሚያ ወረቀት እየሰበሰበ ወደ ቤት ያመጣል፤ ሚስቱ የቁም ሳጥኑን መደርደሪያ ታለብስበታለች። ብርጭቆዎቹን ማውረድ ሲጀምር ሚስቱ ምን ነካህ አለችው። ማውረዱን ቀጠለ። የስኳሩን ጣሳ ሲያነሳ ከሥሩ በጠባብ ፊደል የታተመው ገጽ ተነጥፏል። ጎትቶ አወጣውና ለሚስቱ ሰጣት፤ ከላይ አምስተኛዋን ወይ ስድስተኛዋን መምህርት እስከ መጨረሻው እንድታነብለት ለመናት። እሷም ወረቀቱን ወደ አምፖሉ ጠጋ አድርጋ አነበበች፦ «ልጄ በየሳምንቱ ሐሙስ የእግር ሕክምና ስለምትከታተል ከከተማው መራቅ አልችልም።»

ሪባን ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ሚስቱ ወረቀቱን ማየት ትታ እሱን ማየት ጀመረች።

«ለምን ራስህ አላነበብከውም?» አለችው።

«አይታየኝም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ባለፈው ወር ጋዜጣውን ገልብጠህ ይዘህ ነበር እኮ። እስክትነግረኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም በሳቅ ይፈርሱ ነበር። አሁን ግን ከሐኪሙ ጀምሮ እስከ ሰፊው ፊደል ድረስ ነገራት። ስለ መምህርቷ ነገራት፣ ስለ ብረቱ ነገራት። በኃላፊው ቢሮ ስለተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሳይነግራት ቀረ። ሚስቱ በወረቀቱ ላይ የጣሳው ቂጥ የተወውን ክብ ምልክት በጨርቅ ጠራርጋ፣ አጣጥፋ በኮቱ ኪስ ከተተችለት።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ዋለ። ጠዋት «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው» አለ ለራሱ፤ እውነትም ነበር። ረፋዱ ላይ «ይረፍ እስቲ» አለ። ከዚያ በኋላ ምክንያት እንኳ መፈለግ ተወ። ከሰዓት በኋላ መምህርቷ ልጇን ከሕክምና እንዳወጣቻት በቀጥታ መጥታ መተላለፊያው ላይ ባለው አግዳሚ ተቀመጠች። ሪባን ሲያልፍ እንደ ትልቅ ሰው አክብራው ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ልጅቷም እናቷን አይታ ብረቷን በእጇ ደግፋ ተነሳች።

«ጋሼ፣ እርስዎን ይሰማሉ አሉኝ። አንድ ቃል ቢናገሩልኝ» አለች መምህርቷ።

«እስቲ እናያለን፣ ልጄ» አላት። ኪሱ ውስጥ እጁ ወረቀቱን ይዞት ነበር። ለትንሿ ልጅ ከማተሚያው ወረቀት ጠርዝ የሚቀደደውን ባለ ቀዳዳ ጥብጣብ አምጥቶ ሰጣት፤ እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወዲያው እንደ ሰንሰለት ትቆላልፈው ጀመር። ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ሲቀመጥ በሕይወቱ እንዲህ ራሱን የተጸየፈበት ቀን እንዳልነበረ ተሰማው። በዚያች ልጅ ምስጋና ያፈረውን ያህል ማንም ሰድቦት አያውቅም።

አርብ ጠዋት ከጽዳት ሠራተኛዋ ቀድሞ ቢሮ ገባ። ቤቱ ሳለ በወፍራም እስክሪብቶ፣ እያንዳንዱን ፊደል የጣት ያህል አድርጎ ረቂቅ ጽፏል። ያንን ፊቱ አስቀምጦ በመጻፊያው ጻፈ፤ ለመጻፉ እንኳ ዓይን አያስፈልገውም፣ ጣቶቹ ፊደሎቹን የት እንዳሉ ከዓይኑ ይልቅ ያውቃሉ። ሲጨርስ የወፍጮውን የስፋት ቁልፍ ወደ ጠባቡ መልሶ አተመ። የወጣው ደብዳቤ ለእሱ ግራጫ መስመር ብቻ ነበር። ፈጣኗ ስትገባ ከረቡዕ ወዲህ እንዳደረገችው አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለችውና ወደ ጠረጴዛዋ አመራች።

«ነይ፣ የምናመሳክረው ወረቀት አለ» አላት።

ወንበሯን ስባ መጣች። የታተመውን ለእሷ ሰጥቶ እሱ ረቂቁን ያዘ። ማንበብ ጀመረች።

«ለመምህራን ዝውውር ክፍል ኃላፊ።»

«ልክ።»

«ጉዳዩ፦ ጥፋቴን ስለማሳወቅ።» እዚህ ላይ ቆመች። ሪባን ጣቱን ረቂቁ ላይ እንዳደረገ «ልክ» አለ።

«የዓይኔ ብርሃን ከደከመ አራት ወር አልፎታል። ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ ደብቄአለሁ።»

«ልክ።»

«የመምህራኑን ዝርዝር ማንበብ ስላልቻልኩ የፊደሉን ስፋትና ቁመት ጨመርኩ። በዚህም የተነሳ የማስታወሻው ዓምድ ሳይታተም ቀረ።»

«ልክ።»

«ዓምዱ እንደሚቀር አስቀድሜ አውቅ ነበር።»

«ልክ» አለና ጣቱን ከመስመሩ ሳያነሳ እንደገና አለው። «ልክ።»

«መምህርቷ ምክንያቷን በቅጹ ላይ ጽፋለች። ጸሐፊዋም ሳታጓድል አስገብታዋለች። በጠባብ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው ገጽ ለማስረጃነት ከዚህ ጋር ተያይዟል።» ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ሪባን ልክ ብሏል።

ከዚያ በታች የቀረው ቀኑና ፊርማው ብቻ ነበር። ያነበበችውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሪባን የሚጠብቀው ልቅሶ ወይም ቁጣ ነበር፤ ሁለቱንም እንደሚገባው ቆጥሮ ተዘጋጅቶላቸው ነው የመጣው። እሷ ግን ከወንበሯ ተነስታ በትከሻው በኩል መጣችና በወፍራም እስክሪብቶ የተጻፈውን ረቂቅ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ይቀራል» አለች።

«ከታተመው ነው?»

«ከሁለቱም። ረቡዕ እኔን እያዩ ለኃላፊው ያሉት የለበትም።»

ሪባን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሁሉንም የተናዘዘ መስሎት ነበር፤ ለሚስቱም ሁሉንም የነገራት መስሎት ነበር። አንዱን ነገር ከጠርዙ ውጭ አስቀርቶ ግርጌው ላይ ሊፈርም ነበር፣ ልክ እንደ ዝርዝሩ። «እውነትሽን ነው» አለና ወደ መጻፊያው ዞረ። ጣቶቹ መንገዱን ያውቁታል ብያለሁ፤ ለዚያች መስመር ግን ሁለት ጊዜ ስተው ሁለት ጊዜ አጥፍቶ ጻፋት። ከዚያ ወፍጮው አንድ ገጽ አጉረመረመ።

ቀድዶ ሰጣት። እሷም አዲሱን መስመር ብቻ ፈልጋ አነበበችው፦ «ረቡዕ ስጠየቅ እውነቱን እያወቅሁ ‹እኔ ያልተጻፈ ነገር አላትምም› አልኩ። ይህን ያልኩት ጥፋቱ በጸሐፊዋ ላይ እንዲሆን ነው።»

ይህ መስመር በረቂቁ ላይ ስላልነበረ የሚከተልበት አልነበረውም። «ልክ» አለ።

ኃላፊው መግባቱ በኮቴው ተሰማ፤ መተላለፊያው ላይም የብረት ድምፅ እያሰማ አንድ ትንሽ እግር ወደ አግዳሚው ሄደ። ሪባን ደብዳቤውን ለመውሰድ እጁን ዘረጋ። ፈጣኗ አልሰጠችውም። ወንበሯን ወደ እሱ አቀረበችና «ታርሟል እኮ፣ ከራስጌው ነው» አለች። ሕጉ የእሱ ነው፣ ምን ይላል? እጁን ሰበሰበ፤ እሷም «ለመምህራን ዝውውር ክፍል ኃላፊ» ብላ እንደገና ጀመረች።